ልደታ የቀረው ሳጥን

ከቤት ስወጣ ሁሉን ነቅዬ ነው የምወጣው። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ የስልኩን ቻርጀር፣ የውኃ ማፍያውን። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ እኛ ብሎክ ላይ ያለች ሴት ሁሉ እንዲሁ ናት። መብራት ሲሄድ ምንም አይደል፣ የሚያስፈራው ሲመጣ ነው። እንደ ደራሽ ጎርፍ ይመጣና ያገኘውን ያቃጥላል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ፍሪጅ የተቃጠለው በፋሲካ ዋዜማ ነው፤ የተበለተ ዶሮዋን በሳህን ይዛ በየበሩ "ቦታ አላችሁ?" እያለች ስትዞር አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ለሳምንት መንገድ፣ ልቅሶ ደርሼ ለመመለስም እነቅላለሁ።

መንገድ ደግሞ አበዛለሁ። ጠዋት ልደታ ማርያም ተሳልሜ ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አይመልሰኝም። በጌጃ ሰፈር እታጠፋለሁ፣ ድሮ ቤቴ የነበረበትን ቦታ አያለሁ። አሁን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በቀዳዳው ሳይ ውስጡ ሣር በቅሏል፣ ሌላ ነገር የለም። ከዚያ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ደርሼ፣ ድሮ አብረውኝ በርበሬ ይሸጡ ከነበሩት ሁለቱ አሁንም አሉና፣ ከእነሱ ጋር ትንሽ ተጫውቼ እመለሳለሁ። ምንም አልገዛም። ቤቴ ስገባ ሰባት ሰዓት ሆኗል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ሻንጣዬን አንሥቼ ዘመድ ጥየቃ እሄዳለሁ። ታላቅ እህቴ፣ እቴቴ ነው የምላት፣ "አንቺ ዘዋሪ" እያለች ነው የምትጠራኝ። እሷ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፤ ሰው ካልሞተ በስተቀር ከቤቷ የሚያስወጣት የለም።

ሳጥኑን ያመጣው ትንሹ ልጄ ነው። ውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ወር ሙሉ ቦረና ይከርምና ለሳምንት ይመጣል። ላፕቶፑን አንድ ጊዜ አቧራ በላው፣ አንድ ጊዜ ሌባ ወሰደው፤ በሁለቱም ጊዜ የለፋበት ሁሉ አብሮ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዳቦዎች የምታህል ጥቁር ሳጥን ይዞ መጣና ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጣት።

"ምንድን ናት?" አልኩት።

"ማስቀመጫ ናት እማዬ። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ወረቀት፣ ያለንን ሁሉ እዚህ ውስጥ እናደርጋለን። ከዚያ የትም ብንሆን በስልካችን ከፍተን እናያለን።"

"የትም?"

"የትም። እኔ ቦረና ሆኜ የሠራሁትን ማታ ማታ እዚህ አስገባለሁ። አንቺ ደብረ ብርሃን ሆነሽ ትከፍቻለሽ።"

"ቁልፉስ?"

"ስልክሽ ላይ አድርጌልሻለሁ።" ከዚያ ሳቀ። "እስከ ዛሬ አንቺ ነበርሽ ቤትሽን ጥለሽ የምትዞሪው። ከእንግዲህ ቤትሽም ተከትሎሽ ይዞራል።"

ዳንቴል ሠርቼ አለበስኳት፤ በማግስቱ ገፈፋት። "ትሞቃለች፣ ትታፈናለች" አለኝ። ከኋላዋ ገመድ አላት፤ የገመዱ ስፒና ላይ ነጭ ፕላስተር ጠምጥሞ በትልልቅ ፊደል "አይነቀልም" ብሎ ጻፈበት። ለማን እንደጻፈው ግልጽ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ነቃይ እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮዬን አወጣሁለት። የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ሳጥኑ አስገባ፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ይህ እገሌ ነው፣ ይቺ የእገሌ ሚስት ናት እላለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሲጨርስ ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለስኩት። ቦታው ወጥ ቤት፣ ሲንኩ ሥር ነበር። እዚያ የገባው ከድሮው ቤት ስንመጣ ያገኘሁት ባዶ ቦታ እሱ ስለነበር ነው። በክረምቱ የሲንኩ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከርሞ ኖሯል። ስከፍተው ፎቶዎቹ እንደ ደረቀ ቂጣ ተጣብቀዋል። ላላቅቃቸው ስሞክር የሰው ፊት ከወረቀቱ እየተላጠ በጣቴ ላይ ቀረ። ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን አጥቤ የመርፌና የክር ማስቀመጫ አደረግኩት። ለእቴቴ አልነገርኳትም። ከፎቶዎቹ አንዷ የእሷ ነበረች።

የዚያችን ፎቶ ነገር መናገር አለብኝ። እቴቴ የመጀመሪያ ልጇን፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ፣ ለልደታ ንግሥ ይዛት መጥታ እኔ ዘንድ አደሩ። በንግሡ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ፎቶ አንሺ ሸራ ዘርግቶ ነበርና ልጅቱ ብቻዋን ቆማ ተነሣች። በዚያው ክረምት ኩፍኝ ወሰዳት። ከአርባዋ በኋላ እቴቴ ፎቶዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጌጃ ሰፈር ድረስ አመጣችልኝና "ውሰጃት። እኔ ቤት አትደር" አለችኝ። ተቀበልኳት። ከአርባ ዓመት በላይ እኔ ዘንድ ስትቀመጥ እቴቴ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሣሁባት።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዓርብ ዕለት፣ ደብረ ብርሃን የሄድኩት እቴቴ ሰኞ ዓይኗን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ስለነበር ነው። የዓይን ግፊት ነው የያዛት። ዶክተሩ አልደበቃትም። ቀኙ አልቋል። ግራው ከዳር በኩል ትንሽ ቀርቶታል፤ ቀዶ ጥገናው እሱን ለማቆየት ነው እንጂ የሄደውን አይመልስም፣ የቀረውም አብሮ ሊሄድ ይችላል አላት። ስደርስ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ ፀሐይ ፊት ተቀምጣለች። እንዲያ ፀሐይ ካልመታት የሰው ፊት አትለይም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐዩ በጎረቤት ግንብ ስለሚጋረድ ወደ ቤት ትገባና እስከ ነገ በዳበሳ ነው፤ የመብራትም የስልክም ብርሃን አይበቃትም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እነዚያ ዓይኖች ናቸው። አባታችን እሷን አራት ዓመት ተማሪ ቤት ላካት፣ እኔን ከብት አለና አልላከኝም። ማታ ማታ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፈች ታስጠናኝ ነበር። ገልብጬ ስጽፍ ጆሮዬን ትጠመዝዘዋለች። ዛሬ ይህን የምጽፈው በእሷ ጥምዘዛ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደጃፍ ተቀምጠን "አንቺ ዘዋሪ" አለችኝ። "ያቺ ፎቶ አለች?"

የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኋትም። "ወረቀቷ የለችም እቴቴ" አልኳት። "ሲንክ ሥር አስቀምጫት ውኃ ገባባት።"

እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር፣ እዚያው ቀረ።

"ግን ከመበስበሷ በፊት ልጄ አንሥቷታል። ሳጥን ውስጥ አለች።"

"ሳጥኑስ የት ነው?"

"ልደታ።"

"ታዲያ ዛሬ ቅዳሜ፣ ሰኞ እኔ ልገባ፣ መቼ ሄደሽ መቼ ልታመጪያት ነው?"

"መሄድ አያስፈልገኝም። ከዚሁ ሆኜ በስልኬ እከፍታታለሁ።"

"ሂጂ ወዲያ!" አለችኝ። "አርባ ዓመት አስቀምጠሽ አበሰበስሽብኝ፤ አሁን ደግሞ በስልክ ታጃጅይኛለሽ።"

ስልኬን አወጣሁ። ልጄ ያሳየኝን ምልክት ነካሁ። ሌላ ጊዜ ስነካው ፎቶዎቹ በመደዳ ይወጣሉ። ያን ቀን ግን ቀይ ክብ መጣ፣ በመሐሉ ጭረት አለው፣ ከሥሩ የፈረንጅ ጽሑፍ። ደግሜ ነካሁት። ያው ቀይ። እቴቴ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ትጠብቃለች።

ለልጄ ደወልኩ። ቦረና መስመሩ ይቆራረጣል፤ በሦስተኛው አነሣው።

"እማዬ፣ ልደውልልሽ ነበር። ከዓርብ ጀምሮ ሳጥኑ አልከፈት ብሎኛል። ስትወጪ ነቅለሻታል?"

"አልነቀልኩም! ጽሑፍህን አይቼ ተውኳት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አንተ ልጅ፣ ማንበብ እችላለሁ። አይነቀልም ይላል፣ አልነቀልኩም። ስፒናዋ ዲቫይደሩ ላይ እንደተሰካች ነው።"

"ዲቫይደሩስ?" አለኝ።

ዲቫይደሩ ቴሌቪዥኑም፣ ዋይፋዩም፣ ሳጥኗም አንድ ላይ የሚሰኩበት ረጅሙ ነጭ ነገር ነው። እሱን ከግድግዳው ነቅዬዋለሁ። እሱ ላይ ምንም አልተጻፈም።

"እሱን ነቅያለሁ" አልኩት።

አልተቆጣም። መሳቁን ግን በትንፋሹ ሰማሁ። "በቃ፣ አንድ ሰው ገብቶ ግድግዳው ላይ ይሰካው። ሌላ ምንም አይነካ። ዐሥር ደቂቃ ጠብቂና ክፈቺ" ብሎኝ ተቆረጠ።

ቁልፌ ያለው ፊት ለፊቴ ካለችው ጎረቤቴ ዘንድ ነው። የወሎ ሴት ናት፣ እስላም ናት፤ ዕድሜያችን ይቀራረባል፣ ድሮ ጌጃ ሰፈርም አጥር ለአጥር ነበርን። ስደውልላት ከኋላዋ ከበሮ ይሰማል፤ ኮልፌ የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ናት፣ እዚያው ታድራለች። "ነገ ጠዋት፣ ኢንሻአላህ፣ ቤትሽ ገብቼ እሰካዋለሁ" አለችኝ። ለእቴቴ ነገ አልኳት። "ነገማ አንድ ቀን ነው የቀረኝ" አለች።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ገብቻለሁ" አለች ጎረቤቴ። "ኧረ ምነው፣ ቤትሽ መቃብር መስሏል! ፍሪጁን በጨርቅ አስደግፈሽ ከፍተሽዋል፣ መጋረጃው ተዘግቷል። ሞተሽ ነው የሄድሽው?"

"ተይ ቀልድሽን። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ረጅም ነጭ ዲቫይደር አለ።"

"አየሁት። አይነቀልም የሚል ስፒናም አየሁ። እሱስ አልተነቀለም።"

"እሱን ተይው። የዲቫይደሩን ግድግዳው ላይ ስኪው።"

"መሰካቱን እሰካዋለሁ። ግን እህቴ፣ መብራት የለም። ከሌሊት ጀምሮ የለም አሉ።"

እቴቴ ከርጩማዋ ላይ ሆና "ምን አለች?" አለች።

"መብራት የለም ትላለች።"

"ሳጥንሽ መብራት ነው የምትበላው?" አለች እቴቴ። "ያቺ ቆርቆሮ ምንም አትበላም ነበር።"

ጎረቤቴ "አብሽሪ፣ እዚሁ ሶፋሽ ላይ ነኝ። እስኪመጣ አልነቃነቅም" ብላ ዘጋችው። ተቀመጥን። እቴቴ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ እኔ የግንቡን ጥላ እያየሁ። ጥላው መሬት ላይ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ያን ቀን ግን ሲሄድ አየሁት። እቴቴ ምሳ አልበላችም። እኔ በልቻለሁ፤ ምስር ወጥ ነበር።

ስምንት ሰዓት አልፎ ሩብ ላይ ተደወለ። "መጣ!" አለች።

"ስኪው!"

"ምን ነካሽ? ይርጋ እንጂ! ራስሽ አይደለሽ እንዴ 'ሲመጣ ወዲያው አይሰካም፣ ጥቂት ይጠበቃል' እያልሽ ብሎኩን ስታስተምሪ የኖርሽው?"

"አሁን ስኪው፣ ሰዓት የለኝም።"

"ወላሂ አልሰካም። የልጅሽን ዕቃ አቃጥዬ ምን ፊት ይኖረኛል? ቁጠሪ፣ እኔም እቆጥራለሁ።"

ጥላው የበርጩማው እግር አጠገብ ደርሷል። በስልኩ ውስጥ ጎረቤቴ በለሆሳስ ስትቆጥር ይሰማኛል። ከዚያ "እ!" አለች፤ "ሄደ። አላልኩሽም? እንደገና ሄደ።" እንዳልኳት ሰክታው ቢሆን ኖሮ ያ ምት ሳጥኗ ላይ ነበር የሚወድቀው። ያን ጊዜ ግን አላመሰገንኳትም፤ እሷም አልጠበቀችም። የስልኩን ድምፅ ለውጭ ከፍቼው ሳንዘጋ ቆየን። ተመልሶ መጣ። ቆጠረች። አንድ ጊዜ ሳታስበው ቁጥሩን ሳተችና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ጥርሴን ነክሼ ተውኳት።

"ቢስሚላህ" አለች። "ሰካሁት። ትንሿ ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለች። ኧረ ጉርር ትላለች እንደ ድመት!"

"እንዳትነኪያት።"

"ማን ይነካታል!"

ቀዩ ክብ ሁለት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው ጠፋና ልጄ "የእማዬ ቆርቆሮ" ብሎ ስም የሰጠው መደዳ ወጣ። ፎቶዎቹ መጀመሪያ ግራጫ ሆነው ይመጣሉ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየሞሉ ይሄዳሉ፤ ጣራው መጀመሪያ፣ ሰው ኋላ። ዓይኔን እያጠበብኩ ወረድኩ። ባሌ፣ የባሌ እናት፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ። ከዚያ ሸራው መጣ፣ የተሳለበት ፏፏቴ፣ ከዚያ እሷ።

ስልኩን በእቴቴ እጅ ላይ አደረግኩት። ጥላው ጫማዋን ይዟል፣ ፊቷ ላይ ግን ገና ፀሐይ አለ። ፊት ለፊት አልያዘችውም፤ የቀራት ዕይታ በዳር በኩል ስለሆነ ወደ ግራ ጆሮዋ አስጠግታ፣ አንገቷን አጣማ፣ ሰው ድምፅ እንደሚሰማ ሆና ነው የያዘችው። እኔ በሁለት ጣቴ ፎቶውን አሰፋሁላት።

"ጨምረሽ አስፊው" አለች። "አይ፣ ወደዚህ። ቁሚ። እንዲያ።"

ብዙ ቆየች።

"አፍንጫዋ የአባቷ ነው" አለች። "ይህን ረስቼው ነበር። የእኔ አድርጌ ነበር የማስበው።"

አውራ ጣቷ ሳታውቀው ፎቶውን ወደ ላይ ገፋውና የልጅቱ እግር መጣ። ፊቷን መልሼ ላወጣላት ስል እጄን ያዘችኝ። ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

"ጫማዋ ተገላብጧል" አለች።

"ኧረ አልተገላበጠም።"

"ግራው ቀኝ እግሯ ላይ ነው። አታይም? አንቺ ደህና ዓይን ያለሽ።"

አየሁ። ነጭ የላስቲክ ጫማ ነበር፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ዞረዋል። በዚያች በመዳፍ በምትገባ ወረቀት ላይ አርባ ዓመት ማንም አላየውም።

"ማን ነው ያጫማት?" አለች። "እኔ ቅዳሴ ቆሜ ነበር።"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ቀኑን ሙሉ እግሬን፣ እግሬን እያለች ስታለቅስ ነበር" አለች። "እኔ ደግሞ ቅብጠት ነው ብዬ ቆነጠጥኳት። እዚህ፣ ክንዷ ላይ።"

ስልኩ ውስጥ ጎረቤቴ "ታየ? ታየ ወይ?" ትላለች፤ መዝጋቱን ረስቼው ኖሯል። ከዚያ የእቴቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ቀና ስል፣ ትስቃለች።

"ፊደልም ስትጽፊ ገልብጠሽ ነበር" አለችኝ። "ስንት ጊዜ ጆሮሽን ጠመዘዝኩት! ግራና ቀኝ የማታውቂ። ለአንቺ የሚገባውን ቁንጥጫ ለእሷ ሰጠኋት።" እጇን ሰድዳ ክንዴን ፈለገችና ቆነጠጠችኝ። ያማል፤ ጣቶቿ ገና ጠንካራ ናቸው። "ይኸው፣ ለባለቤቱ ደረሰ።" ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ለዚያች ሴት በርቺ በያት። ለእስላሟ።"

"ታየ" አልኩ በስልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ጎረቤቴ። "ዲቫይደሩን ልንቀለው እንዴ?"

"አትንቀይው" አለች እቴቴ፣ ከእኔ ቀድማ።

ሰኞ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ፋሻው ሲፈታ የቀረው ሳይቀር ሄዷል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ሰው በበሩ ሲቆም ጥላ ትላለች፣ ከዚያ ያለፈ የለም። ዶክተሩ ያደረገውን አድርጓል፣ አስቀድሞም ነግሯታል። ሁለት ሳምንት አብሬያት ቆየሁ፤ ከአልጋ ወደ ደጃፍ ስንት እርምጃ እንደሆነ አብረን ቆጠርን፣ ዐሥራ አንድ ነው። ከዚያ ወደ ልደታ ተመለስኩ።

አሁንም እዞራለሁ። ልጄ ሲመጣ ለዲቫይደሩም ፕላስተር ለጠፈለት፤ ጎረቤቴ ደግሞ በላዩ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ባለፈው ወር አዳማ ልሄድ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ እቴቴ ደወለች። መንገድ ልሄድ ስል ሁልጊዜ ትደውላለች፣ ማን እንደሚነግራት አላውቅም።

"ሳጥኗ ተሰክታለች?" አለችኝ።

ፎቶዋን ከእንግዲህ እንደማታያት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሄጄ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትንሿ ሰማያዊ ብልጭ ትላለች።

"ተሰክታለች" አልኳት።

"ፍሪጁስ?"

"እሱንማ ነቅዬዋለሁ።"

"ደግ አደረግሽ" አለችና ዘጋችው።